ከደንገጎ በላይ ያለው የእንጨት ማሳ፦ የሁለት ዓመት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ደንገጎን ወጥቶ አየሩ ከቀዘቀዘበት ቦታ ጥቂት ዘልቆ፣ አባታችን ያለማው 6,000 ካሬ ሜትር የሚሆን የእንጨት ማሳ አለ። ከዚህ ውስጥ 4,000 ካሬ ሜትሩ በ2009 ዓ.ም. ክረምት የተተከለ ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ቀሪው 2,000 ካሬ ሜትር በሚሊኒየሙ ዓመት፣ በሐምሌ 2000 ዓ.ም.፣ የተተከለ ፓቱላ ነው። የአካባቢው ሰው ፓቱላንም፣ የፈረንጅ ጥድንም፣ አገር በቀሉን የሀበሻ ጥድንም በአንድነት «ጥድ» ይላቸዋል፤ ፓቱላ ግን ከሜክሲኮ የመጣ፣ ሦስት ሦስት ሆነው የተያያዙ ረጃጅም መርፌ ቅጠሎቹ ወደታች የሚንጠለጠሉ፣ ከሁለቱም የተለየ ዛፍ ነው።

አባታችን ካረፈ ወዲህ ማሳውን በቅጡ የተመለከተው ሰው የለም። ታናሽ ወንድሜ ሁሉንም በቁሙ በጅምላ ለመሸጥ ከአንድ ነጋዴ ጋር ንግግር ጀምሮ ነበር። እናቴ ደግሞ፣ «ልጄ፣ ዛፍ እኮ አይበላ አይጠጣ፤ ይቁም፣ ይደግ፣ ምን ያስቸኩላችኋል?» ትላለች። ሙያዬ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ስለሆነ፣ ከሁለቱም ሐሳብ በፊት ማሳው ምን እንደያዘና በየዓመቱ ስንት እንደሚጨምር መለካት አለበት ብዬ ጊዜ ጠየቅኋቸው። ይህን ማስታወሻ የጀመርሁትም ለዚሁ ነው።

ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዛሬ ከወንድሜና ከማሳው ጠባቂ ጋር ሆነን ፓቱላውን ለካን። 5 ሜትር ከ64 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገመድ ከአንድ እንጨት ላይ አስሮ ዙሪያውን መዞር 100 ካሬ ሜትር የሆነ ክብ ይሰጣል፤ በክቡ ውስጥ ያለውን ዛፍ ሁሉ ቆጥሮ በ100 ማባዛት በሄክታር ስንት እንደሚቆም ያሳያል። በአራት ቦታ ክብ አውጥተን በአማካይ 21 ዛፍ አገኘን። አባታችን በ2 ሜትር ርቀት ስለተከለ በመጀመሪያው በእያንዳንዱ ክብ 25 ያህል ነበሩ ማለት ነው፤ በ15 ዓመት ውስጥ የሞተው አራት ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሰማው ጥሩ ዜና ይመስለዋል። እኔ ግን በአማካይ ውፍረቱ ላይ ስደርስ ልቤ አዘነ። ውፍረትን የምንለካው ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ከፍታ ላይ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር በግንዱ ዙሪያ ጠምጥመን ዙሪያውን ለ3.14 በማካፈል ሲሆን፣ አማካዩ 14 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። ቁመታቸውም 14 ሜትር ይጠጋል። ቁመት ለውፍረት ሲካፈል 100 የሚመጣበት ዛፍ ቀጭን ሸንበቆ ነው፤ ጎረቤቱ ደግፎት ቆመ እንጂ ብቻውን ቢተው ንፋስ ያጎብጠዋል።

አንዱን ቆርጠን ጉቶውን በውኃ አጥበን ቀለበቶቹን ቆጠርሁ። ተክሉ የ15 ዓመት መሆኑን በእርግጠኝነት እያወቅሁ ከ20 በላይ ቀለበት ማግኘቴ መጀመሪያ ግራ አጋባኝ። ምክንያቱ በእኛ በኩል ዝናቡ በበልግና በክረምት ተከፍሎ ስለሚመጣ፣ ዛፉ በመሐል ባለው ደረቅ ወቅት ቆሞ እንደገና ሲነሣ የሐሰት ቀለበት ስለሚሠራ ነው። ስለዚህ በምሥራቅ ሐረርጌ ቀለበት ቆጥሮ ዕድሜ የሚናገር ሰው ይጠንቀቅ። ዕድሜውን ባይነግረኝም የዛፉን ታሪክ ግን ነግሮኛል፦ ከመሐሉ አንሥቶ እስከ እጄ አራት ጣት ስፋት ድረስ ቀለበቶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ቅርፊቱ ድረስ በጥፍር ለመለየት እስኪያስቸግር ተጣብቀዋል። ዛፎቹ ቅርንጫፎቻቸው የተነካኩት በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ዓመት ሳይሆን አይቀርም፤ የመጀመሪያው ማሳሳት፣ ማለትም ከተጠጋጉት ዛፎች ደካሞቹን ቆርጦ ለቀሩት ቦታ መስጠት፣ መደረግ የነበረበትም ያኔ ነው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

የሒሳቡ ሥራ ሦስት ምሽት ፈጅቶ ዛሬ አለቀ። የእናቴ ሐሳብ፣ ማለትም ዛፍ ቢቆም ምንም አያስወጣም የሚለው፣ ከብዙ አስተዋይ ሰው የምሰማው ስለሆነ በዝርዝር ልመልስለት እወዳለሁ።

የቆመ ዛፍ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ዛሬ ተሽጦ ገንዘቡ ሌላ ሥራ ላይ ቢውል በዓመት ሊያስገኝ የሚችለውን ያህል፣ ዛፉም በዋጋው ላይ በዓመት ካልጨመረ፣ ቆሞ እያከሰረን ነው። ገንዘብ በዓመት 7 በመቶ ሲያድግ በ10 ዓመት ገደማ፣ በ15 በመቶ ሲያድግ ደግሞ በ5 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። እኔ ለስሌቱ 15 በመቶ ያዝሁ፤ ወንድሜ ለሱቁ ዕቃ ማዞሪያ ገንዘብ ስለሚያስፈልገው ለእኛ ቤት የገንዘብ ዋጋ ከባንክ የቁጠባ ወለድ ይበልጣል። በዚህ መጠን ለችግኝና ለተከላ የወጣ 100 ብር በአምስተኛው ዓመት 201 ብር፣ በ20ኛው ዓመት 1,637 ብር፣ በ25ኛው ዓመት 3,292 ብር ይዞ መመለስ አለበት። አጭር የቆረጣ ዕድሜ እንደ እኛ ላለ ጥቂት ገንዘብ ላለው ቤተሰብ የሚስማማውም፣ ረጅም ዕድሜ የሚጠይቅ ተክል ላይ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ወጪ ማፍሰስ ከባድ ስሕተት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጀርመናዊው የደን ባለሙያ ማርቲን ፋውስትማን በ1849 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባቀረበው ቀመር አንድ ተጨማሪ ነገር አስተምሯል፦ ዛፉ የያዘው መሬትም ኪራይ አለው። አሮጌው እስካልተቆረጠ ድረስ ቀጣዩ ተክል እየጠበቀ ነውና፣ የመጠበቁም ዋጋ በአሮጌው ላይ መታሰብ አለበት።

ወደ ባሕር ዛፉ ስመጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ። ሳቢያን በተባለው የድሬዳዋ ሰፈር አካባቢ ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎችና የእንጨት ነጋዴዎች እንጨትን በሜትር ኩብ አይገዙም፤ በዓይነት ነው የሚገዙት። ቀጭኑ ማገር ነው፣ ከፍ ያለው ለመወጣጫ የሚሆን አጣና ነው፣ ወፍራሙ ቋሚ ነው። በዚህ ሳምንት የጠየቅኋቸው ሦስት ነጋዴዎች በነገሩኝ መሠረት፣ የማገርን ዋጋ አንድ ብንለው አጣና ሦስት፣ ቋሚ ስድስት ይሆናል። እንግዲህ የዛፍ ዋጋ ልክ እንደ ውፍረቱ በየቀኑ አያድግም፤ እንደ ደረጃ ይወጣል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከአጣና ወደ ቋሚ የሚያልፍ ዛፍ በዓመት 26 በመቶ ያህል ይጨምራልና ይቁም። ያንኑ ደረጃ ለማለፍ ስድስት ዓመት የሚወስድበት ቀርፋፋ ዛፍ ግን 12 በመቶ ብቻ ስለሚያስገኝ ዛሬ ቢቆረጥ ይሻላል። ቋሚ የሆነው ደግሞ ከዚያ በላይ ቢወፍር ነጋዴው ዋጋ አይጨምርለትም፤ በማሳው ላይ የሚቆይበት ምክንያት የለውም። አንድ ማሳ በአንድ ዕድሜ ላይ እያለ ለአንዱ ዛፍ «ጠብቅ»፣ ለሌላው «ቁረጥ» የሚል መልስ መኖሩ ከስሌቱ ሁሉ ያስደሰተኝ ነገር ነው።

ታኅሣሥ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ መንገዱ በተሳላሚ ተሞልቷል፤ ሥራ የለም።

ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ያለፈውን ስሌት ይዤ ባሕር ዛፉን አንድ በአንድ ልምረጥ ስል ጠባቂያችን፣ «የቆረጥህበት ጉቶ በጥላ ሥር ምን ሊያበቅልልህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ትክክል ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ በዚህ ፍጥነት የተስፋፋው ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ነው፤ አዲሱ ቡቃያ ግን ፀሐይ ይፈልጋል፤ በቆሙት ዛፎች ሥር ሰልሎ ይቀራል። ስለዚህ መልቀሙን ትተን 4,000 ካሬ ሜትሩን ለሁለት ከፈልነው። አብዛኛው ዛፍ ቋሚ የደረሰበትን የታችኛውን ክፍል በዚህ ዓመት ሙሉ በሙሉ እንቆርጣለን፤ የላይኛው ከሁለት ዓመት በኋላ ይደርሳል። በማሳው መሐል ከሚወርደው ቦይ በግራና በቀኝ ያለውን አንዳንድ ረድፍ ግን አንነካም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በአንድ ሌሊት ያደረሰውን እልቂት የድሬዳዋ ሰው አይረሳውም፤ ያ ውኃ የሚሰበሰበው ከእነዚህ ከላይ ካሉት ተራሮች ነው። የሁለት ረድፍ ዛፍ ዋጋ በመዝገቤ ላይ «የማይሸጥ» ተብሎ ተጽፏል።

ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

የታችኛው ክፍል ቆረጣ አለቀ። ጊዜውን የመረጥነው የበጋው ማብቂያ ላይ ስለሆነ ነው፤ ጉቶው ብዙ ሳይደርቅ የበልግ ዝናብ ይደርስለታል።

ስለ ጉቶው አቆራረጥ ጥቂት ልዘርዝር። ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ ሳይሞላ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ፣ ፊቱን ውኃ እንዲንሸራተትበት ወደ አንድ ጎን አዘቅዝቆ በመጋዝ መቁረጥ ተገቢ ነው። ቅርፊቱ ከግንዱ መላቀቅ የለበትም፤ አዲሱ ቀንበጥ የሚወጣው በቅርፊቱ ሥር ካለው እርጥብ አካል ነውና። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እኔ ሥራ ላይ ስለነበርሁ ቆራጮቹ በገጀራና በመጥረቢያ ከጉልበት ከፍታ ላይ ቆርጠው 60 የሚሆኑ ጉቶዎችን ሰነጣጠቋቸው። በሦስተኛው ቀን ደርሼ አንዱን ጉቶ ስነካው ቅርፊቱ እንደ ተላጠ ሙዝ በእጄ ላይ ቀረ። እነዚያን ጉቶዎች ዝቅ አድርገን በመጋዝ ደግመን ቆረጥናቸው፤ ለመለየትም ቀይ ቀለም ቀባናቸው።

ሽያጩን በተመለከተ፣ አይሱዙ የጫነው ማገር ሆነ ቋሚ ኪራዩ ያው ነው። ስለዚህ ማገሩን እዚያው ለቤት ሠሪ ገበሬዎች ሸጥን፤ ቅጠሉንና ጭራሮውን ለእንጀራ ጋጋሪዎች ሰጠን፤ የማጓጓዣ ፈቃድ አውጥተን ወደ ድሬዳዋ ያወረድነው ቋሚውንና አጣናውን ብቻ ነው። በጅምላ በቁሙ ሊገዛን የነበረው ነጋዴ ካቀረበው ዋጋ ጋር ሳስተያየው፣ የሠራተኛና የመኪና ወጪ ተቀንሶ፣ ለግማሹ ማሳ ያገኘነው እርሱ ለጠቅላላው ባሕር ዛፍ ሊከፍል ከነበረው ጥቂት ይበልጣል። ወንድሜ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ዝም አለ።

የካቲት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፓቱላውን ማሳሳት ጀመርን። ከ420 ዛፍ መሐል 140 እንዲወጣ ምልክት አደረግሁ፤ ከዚህ በላይ ለማውጣት ልቤ ቢፈልግም፣ በቀጭንነታቸው ምክንያት በአንድ ጊዜ ብንከፍታቸው ንፋስ ይጥላቸዋልና በሁለት ዙር እንሠራዋለን። የሚወጡት ጠማሞቹ፣ ሁለት አናት ያላቸው፣ ጎረቤታቸው ሸፍኗቸው የተቀጨጩት ናቸው። የሚቀሩትን የመረጥሁት በውፍረታቸው ብቻ ሳይሆን ከቁመታቸው ስንቱ አረንጓዴ ቅርንጫፍ እንደለበሰ አይቼ ነው። ከላይ ሲሶ ያህል እንኳ ልምላሜ የሌለው ዛፍ ቦታ ቢያገኝም ቶሎ አይነሣም። አብዛኞቹ በዚህ መለኪያ ወሰኑ ላይ ናቸው፤ ማሳሳቱ ሰባት ዓመት መዘግየቱ የሚያስከፍለን እዚህ ላይ ነው።

የፓቱላ ጉቶ አያቆጠቁጥም፤ ከተቆረጠ አለቀ። ለመሬት ውስጥ ቋሚም አይሆንም፤ መድኃኒት ካልተነከረ ምስጥና ብስባሴ በአጭር ጊዜ ይጨርሱታል። የሚያዋጣው ተሰንጥቆ ሞራሌና ጣውላ ሲሆን ነው፤ ለኮርኒስ ሥራ አናጢዎች ቀላልና ምስማር በደንብ የሚቀበል እያሉ ይወዱታል።

መጋቢት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

በዚህ ሥራ ውስጥ የደረሰብንን ትልቁን ኪሳራ መጻፍ አለብኝ። ከማሳሳቱ ከወጡት ውስጥ ለመሰንጠቅ የሚበቁ 50 ግንዶች መርጠን ድሬዳዋ ወደሚገኝ አንድ መሰንጠቂያ ቤት አወረድን። ወረፋው በሦስት ቀን ይደርሳል ተብለን ነበር፤ መጋዙ ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት በዚያ ሙቀት ውስጥ ተቆልለው ቆዩ። ዛሬ የመጀመሪያው ግንድ ሲሰነጠቅ ቆሜ አየሁ። ሙጫው ገና ይሸታል፤ መሐሉ ነጭና ጤነኛ ነው፤ ከዳር ወደ መሐል ግን ቀለም የፈሰሰበት ወረቀት የሚመስል ግራጫ ሰማያዊ ሽብልቅ ገብቶበታል። ይህ በእርጥብ የጥድ እንጨት ላይ የሚበቅል የፈንገስ ዓይነት ነው፤ እንጨቱን እንደ ብስባሴ አያደክመውም፣ ኮርኒስም ሊሸከም ይችላል፤ ገዢ ግን መልኩን አይቶ ዋጋ ይቀንሳል። ከተለመደው ዋጋ ሲሶውን አጣን።

ከእንግዲህ ግንድ የሚቆረጠው የመሰንጠቂያው ቀን በእርግጠኝነት ከታወቀ በኋላ ይሆናል፤ ተቆርጦም በሳምንት ውስጥ ተሰንጥቆ፣ በጥላ ሥር በየጣውላው መሐል ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ አየር እንዲያገኝ ይደረደራል። ደጋ ላይ ካለው ማሳ ቆርጦ ቆላ ላይ ማስቀመጥ ጉዳቱን እንዳፋጠነው አልጠራጠርም፤ ግንዱ መጠበቅ ካለበት እዚያው በቅዝቃዜው፣ ሳይቆረጥ በቁሙ ይጠብቅ።

ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

የበልጉ ዝናብ ደህና ነው። በመጋዝ የተቆረጡት ጉቶዎች በሙሉ ለማለት ይቻላል አቆጥቁጠዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ቀንበጥ ቆጠርሁ። ቀይ ቀለም ከተቀቡት 60 ውስጥ 23ቱ እስካሁን ዝም ብለዋል።

ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ያልበቀሉት 23 ጉቶዎች አጠገብ ቀይ ባሕር ዛፍ ተከልን። ችግኙን ለመምረጥ ወደ ችግኝ ጣቢያው ራሴ ሄድሁ፤ የቅጠሉ መሐል አጥንት ላይ እብጠት ያለበትን ሁሉ ትቼ መጣሁ። ያ እብጠት ከአውስትራሊያ የተሰራጨች ጥቃቅን ተርብ እንቁላል የጣለችበት ነው፤ በቀይ ባሕር ዛፍ ላይ ትበረታለች፣ ችግኙንም ታቀጭጫለች። እንዲሁም በቆረጣው ቦታ ሁሉ ሣሩን አስነቀልን፤ በመጀመሪያው ሁለት ክረምት ያልታረመ ባሕር ዛፍ በቀላሉ የአንድ ዓመት ዕድገት ያጣል፤ በስድስት ዓመት የቆረጣ ዕድሜ ላይ ደግሞ አንድ ዓመት ብዙ ነው።

እናቴ ዛሬ አብራን ወጥታ ማሳውን አየች። ፓቱላው መሐል ቆማ ወደ ላይ አንጋጣ፣ «ሰማይ ይታያል» አለች። ከዚያ ሌላ አስተያየት አልሰጠችም።

ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀንበጦቹ ከሰው ቁመት አልፈዋል። በየጉቶው ሁለት ሁለት አስቀርተን ሌላውን አነሣን። የሚቀረው ወፍራሙና ቀጥ ያለው፣ ከጉቶው ዝቅ ብሎ የበቀለው ነው፤ እኩል ከሆኑ ደግሞ ንፋስ በሚመጣበት በኩል ያለውን መረጥን፤ ንፋሱ ሲገፋው ወደ ጉቶው ይለጥፈዋል እንጂ አይገነጥለውም። ወንድሜ ሦስት ብናስቀር ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። ሦስት ብናስቀር ብዙ ማገር እናገኛለን፤ እኛ የምንፈልገው ግን ማገር ሳይሆን ቋሚ ነው። ለመፈተን ያህል በ40 ጉቶ ላይ ሦስት አስቀርተን ለየነው።

ጥር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፓቱላውን ከማሳሳቱ በኋላ በ20 ዛፎች ላይ ነጭ ቀለበት ቀብተን ነበር፤ በየዓመቱ በዚያው መስመር ላይ ሜትሩን ስናሳርፍ ስሕተት አይኖርም። በመጀመሪያው ዓመት ዙሪያቸው በአማካይ 1.1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ጨመረ፤ ወንድሜ ተስፋ የቆረጠበት ዓመት ነበር። ዛፉ በዚያ ዓመት ሥሩንና ቅርንጫፉን ነው የሚዘረጋው ብዬ ብነግረውም እኔም ሥጋት ነበረብኝ። ዛሬ ስንለካ የሁለተኛው ዓመት ጭማሪ 2.3 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ይህም በዲያሜትር 0.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የወደቁት በሁለቱ ዓመት ስድስት ብቻ ናቸው።

አሁን አማካይ ውፍረታቸው 16 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጠማማውና ቀጭኑ መውጣቱም አማካዩን ከፍ አድርጎታል። በ16 ላይ 0.7 መጨመር የግንዱን የአግድም ቁራጭ ካሬ ስፋት በዓመት 9 በመቶ ያህል ያሳድጋል፤ በ20 ላይ ያው 0.7 የሚሰጠው 7 በመቶ፣ በ24 ላይ 6 በመቶ ገደማ ነው። ቁመቱ የሚጨምረው ሲታከልበትም ከያዝሁት 15 በመቶ በታች ነው፤ ስለዚህ እንጨቱ በብዛት ብቻ ቢያድግ ዛሬውኑ መቆረጥ ነበረበት። የሚያቆየው የደረጃው ዋጋ ነው፦ ከ16 ሳንቲ ሜትር ግንድ የሚወጣው ጥቂት ቀጭን ሞራሌ ሲሆን፣ 20 የደረሰ ግንድ ግን ሰፊ ጣውላ ይሰጣል፣ በመጋዙ የሚባክነውም ያንሳል። መሰንጠቂያው በነገረኝ ዋጋ ስሠራው፣ ቶሎ የሚወፍሩት ዛፎች እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ወለዳቸውን ይከፍላሉ፤ ከዚያ በኋላ አይከፍሉም። በዓመት ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በታች የሚጨምሩት ግን አሁንም አይከፍሉም።

በዚህ መሠረት ሁለተኛውን ማሳሳት በየካቲት እናደርጋለን፤ ከ274 ዛፍ 90 ያህሉ ይወጣል። ቀሪዎቹ 20 ሲደርሱ፣ አሁን ባለው ዕድገት ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ውስጥ፣ በሙሉ ተቆርጠው በቦታው ባሕር ዛፍ በ2 ሜትር ከ50 ርቀት ይተከላል። ፓቱላ ደግሜ አልተክልም፤ ጥሩ ዛፍ ቢሆንም የሚፈልገው ዝናብ ከዚህ ተዳፋት የሚበልጥ ነው፤ 20 ዓመት የሚጠብቅ ገንዘብም የለንም።

ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

የላይኛው ባሕር ዛፍ ቆረጣ ተጀመረ። በዚህ ጊዜ የሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ከመጀመሪያው ጉቶ አንሥቶ አብሬ ቆምሁ፤ ገጀራና መጥረቢያ ለቅርንጫፍ መመልመያ ብቻ ነው የተፈቀደው። በታችኛው ክፍል ሦስት ቀንበጥ የቀረባቸውን 40 ጉቶዎችም ለካኋቸው፤ ከባለሁለቱ በአማካይ በአንድ ጣት ይቀጥናሉ። ወንድሜ ሜትሩን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ደግሞ ለካቸው፤ ሦስተኛውንም ቀንበጥ በየጉቶው እየዞረ መቁረጥ ጀመረ።